ያልተነቀለው ጥርስ

አባቴ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይቅር እንደተባለ ሰው ኖሯል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይቅር ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የተቀመጡበትን ቦታ፣ የተናገሩትን፣ ተናግረው ሲጨርሱ የበሉትን ምሳ ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ መካከላቸው ቆሜ የመሰከርሁት እኔ ነበርሁና። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የጠየቁኝን ሁሉ በእውነት ነው የመለስሁት። እስካለፈው ወር ድረስ ደግሞ ይቅር ካሉት አንዷ እኔው ነበርሁ።

አባቴ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ይባላል። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለው ደብራችን የዜማ መሪ ነበር። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጀርባ፣ ታንኳዎች ከሚያርፉበት ዳርቻ አጠገብ ስለነበር ጓሯችን ሁልጊዜ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ አይጠፋውም። ጠዋት ድምፁን ሲያሟሽ በታንኳ የሚያልፉት ሰዎች ሳይቀሩ ቀዘፋቸውን ያዘገዩ ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በትምህርት ቤት ሌሎቹ ልጆች ስለ አባታቸው መኪና ሲያወሩ እኔ የማወራው ስለ አባቴ ጉሮሮ ነው።

በዚያ ዓመት በመስቀል ማሕሌት ላይ፣ አጠገቡ ቆሞ የሚያሸበሽብ አንድ አገልጋይ መቋሚያውን ሲያነሣ አናቱ የአባቴን የላይኛውን የፊት ጥርስ መታው። ጫፉ ትንሽ ተሸረፈ እንጂ ሌላ ምንም አልታየም፤ እንዲያውም ማሕሌቱን ጨርሶ ነው የወጣው። ጥቅምት ሲያልቅ ግን ሕመሙ ጀመረ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጎነጭ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ትኩስ ሻይ ሲቀምስ ዓይኑ ያነባል። የባሰው ግን አየሩ ነበር። ዜማ ለማንሣት ትንፋሹን ሲስብ የሐይቁ ብርድ ጥርሱ ውስጥ ይገባና ፊቱን ያጨማድደዋል፤ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ከጤና አዳም ጋር ወቅጣ ብታስነክሰውም ለውጥ አላመጣም።

እኔ ያን ጊዜ ስለ ጥርሱ የማውቀው እንደ ወሬ ነው። በዓይኔ የማየው አባቴ እኔን ሲያይ ፊቱን ማጨማደድ መጀመሩን ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ የተማርሁትን መዝሙር ላሰማው ስጀምር «በቃ፣ በቃ ኪዲ» ይልና ጉንጩን ይዞ ይወጣል። ድሮ አቅፎ ነበር የሚያዳምጠኝ። ጠልቶኛል ብዬ ደመደምሁ፤ ልጅ ሆነሽ የሰው ሕመም ሁሉ በአንቺ ላይ የመጣ ቁጣ ይመስልሻል። እኔም በበኩሌ ቂም ያዝሁ። ይህን የምናገረው ለማመካኛ ሳይሆን፣ በኋላ የመሰከርሁበት አፍ ንጹሕ እንዳልነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

«ይነቀልና ይገላገሉ» ይለው ነበር ያየው ሁሉ። አባቴ ግን አልፈለገም። ከእሱ በፊት የነበሩት መሪ፣ አለቃ ፍሬ ስብሐት፣ ሁለት የፊት ጥርሳቸውን ካስነቀሉ በኋላ ድምፃቸው በክፍተቱ እየሾለከ ተማሪዎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁባቸው ነበር። ዓመት ሳይሞላቸው ከመሪነት ተነሥተው በቅጽሩ በር ላይ ጧፍ ሻጭ ሆኑ። አባቴ በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ ያያቸዋል። የደብራችን ንግሥ ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ ለእሱ ያ ጥርስ ማለት የንግሡ ማሕሌት፣ የሕይወቱ ሥራና እንጀራው ማለት ነበር።

ከገና በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ ተቀምጠን ለእናቴ ነገራት። የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ሰገነትም ነበረች። እትዬ ሰገነት ባሏ ከሞተ ወዲህ እኛ ቤት ነበር የምትውለው፤ ቤታችን ውስጥ ሳትሰማው የሚያልፍ ወሬ፣ ሳታሸተው የሚያልፍ ድስት አልነበረም።

«ከተማ ውስጥ አንዲት የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ከፍታለች» አለ አባቴ። «አይነቀልም፣ ይድናል አለችኝ።»

«ሳይነቀል ይድናል እንዴ መሪጌታ?» አለች እናቴ።

«ይድናል ነው የምትለው። አራት ጊዜ መመላለስ አለብኝ።»

እትዬ ሰገነት የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። «ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

«እህ» አለች፤ ጉርሻዋንም ጎረሰች።

ከዚያች «እህ» ነው ሁሉም የተነሣ። አንዳንድ ሰው ቤት ለማፍረስ ብዙ ይለፋል፤ ለእትዬ ሰገነት አንዲት ትንፋሽ በቂዋ ነበረች።

አባቴ ከመጀመሪያው ሕክምና ሲመለስ ከንፈሩ በአንድ በኩል ወድቆ፣ አነጋገሩ ተንሻፎ ነበር። ወደ ማታ ላይ ከንፈሩ ሲመለስለት ወደ እንስራው ሄዶ በጣሳ ውሃ ቀዳ። ሁላችንም እናየዋለን። አንዴ ተጎነጨ፣ ቆመ፣ ጠበቀ። ከዚያ ጣሳውን እስከ መጨረሻው ጨለጠውና ሳቀ፤ ደግሞ ቀዳ፣ ደግሞ ጠጣ፣ ውሃው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። «ሄደ! ሰብለ ወንጌል፣ ሙሉ ለሙሉ ሄደ እኮ!» አላት እናቴን። እኔን ብድግ አድርጎ አቀፈኝ። ከአፉ የቅርንፉድ ሽታ መጣ።

እትዬ ሰገነትም ሸተታት። በእኛ ቤት ቅርንፉድ የሴት ነገር ነው፤ እናቴ በክር ሰክታ በአንገቷ የምታስረው፣ ለዓመት በዓል ብቻ የምታወጣው ሽቶዋ ነበር። እትዬ ሰገነት እናቴን ወደ ጓዳ ጎትታ ወሰደቻትና ሹክ ስትላት በጋረዳው በኩል ሰማሁ። «ያንቺ ቅርንፉድ ሳጥን ውስጥ ነው ያለ። እሳቸው አፍ ላይ ያለው የማን ነው?» ሐኪሞች ጥርስ ውስጥ የሚያኖሩት መድኃኒት ከቅርንፉድ ዘይት እንደሚሠራ እኔ ያወቅሁት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖኝ፣ በራሴ ምላስ ቀምሼው ነው። ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ የሚነክሱ ሰዎች በየሰፈሩ ሞልተዋል፤ ያች ገበያውን ሁሉ የምታውቅ ሴት ይህን አታውቅም ነበር ብዬ ማመን ግን ያቅተኛል።

በሳምንቱ፣ ከሁለተኛው ሕክምና ማግስት፣ እሑድ ነበር። አባቴ ቤተ መቅደስ አልገባም። በእኛ ዘንድ ሰውነቱ ያልነጻ ሰው በቅጽሩ ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። ደም የፈሰሰውም፣ እህል ውሃ የቀመሰውም፣ ከሚስቱ ጋር ያደረውም ሁሉም እዚያው ይቆማል። ለምን አልገባህም ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። አይጠየቅም እንጂ ይገመታል። የዜማ መሪው ከዛፍ ሥር ሲቆም ደግሞ ቅዳሴውን ትቶ የማይገምት ሰው አልነበረም።

ከአፉ ትንሽ ደም ወጥቶ ስለነበር፣ ኪኒንም ስለዋጠ ነው ያልገባው። ማንም ሳያስገድደው፣ ሕጉን አክብሮ ነው ውጭ የቆመ። ለእናቴ ይህንኑ ነግሯታል። እትዬ ሰገነት ግን ከአባቴ ይልቅ ለእናቴ ጆሮ ቅርብ ነበረች። «ጥርሱ ካልተነቀለ ደሙ ከየት መጣ? አንቺ ሞኝ ነሽ እንዴ? ትናንት ማታ አንቺ ጋ ካልነበሩ ከማን ጋር ነበሩ?» አለቻት። እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

በሦስተኛው ሕክምና ቀን እትዬ ሰገነት ከትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ከዚያ በፊት ስማኝ አታውቅም። «የኔ ብልጥ፣ እስቲ አባትሽን ተከትለሽ ሂጂና የምታይውን አይተሽ ነይ። ለእናትሽ ብለሽ ነው» አለችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አባቷን እንድትሰልል ስትላክ ክብር ይመስላታል። ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ።

አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ሥር እየተራመደ፣ ብስክሌተኞች እየተላለፉት ወደ ከተማው መካከል ሄደ። ክሊኒኩ በኪራይ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር። እሱ ሲገባ እኔ በግቢው ዞሬ ከመስኮቱ ሥር አንድ የለስላሳ ሣጥን ላይ ወጣሁ። መጋረጃው በደንብ አልተዘጋም።

ያየሁት ይህ ነው። አባቴ ረጅም ወንበር ላይ ተንጋሏል፤ ጋቢው ተጣጥፎ ጎን ተቀምጧል። ከላዩ መብራት በርቷል። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ነጭ የለበሰች ሴት ወደ ፊቱ ጎንበስ ብላ፣ ግራ እጇን ጉንጩ ላይ አድርጋለች። ፊቷና ፊቱ መካከል አንድ ስንዝር አይሆንም። ሬዲዮ ዘፈን ይዘፍናል፤ የእኔ አባት ባለበት ክፍል ዘፈን! እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ምንም አይልም። ከዚያ በፊት በጤና ጣቢያ በር ላይ ጥርሱ ሲነቀል የሚጮኽ ሰው ሰምቼ ስለነበር፣ ጩኸትና ጉጠት ነበር የጠበቅሁት። ጩኸት የለም፣ ጉጠትም የለም። ሲጨርሱ ሴትዮዋ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም በግማሽ አፉ ሳቀ። ለእኔ መሳቅ ከተወ ወራት አልፈውት ነበር፤ በጣም ተናደድሁ።

አንድ ሌላ ነገርም አይቻለሁ። ከወንበሩ አጠገብ ባለ ትንሽ ሳህን ላይ ቀጫጭን መርፌዎች ተደርድረው ነበር፤ አናታቸው ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። በጣም ያምራሉ። የሴትዮዋ የፀጉር ጌጥ መሰሉኝ፤ ለእኔም አንድ በሰጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። የጥርሱን ስር የምታጸዳው በእነሱ ነበር። አባቴን ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ በዓይኔ ሥር ተደርድሮ ሳለ እኔ ጌጥ እመኝ ነበር። ስጠየቅም አልተናገርሁትም፤ ማንም ስለ መርፌ አልጠየቀኝማ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የንስሐ አባታችን አባ ገድሉና ሁለት የሰንበቴ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። እናቴ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ ተቀመጠች። እትዬ ሰገነት ከጎኗ ናት። አባቴ መደቡ ጠርዝ ላይ ነበር። እኔን ጓዳ አስቀመጡኝ።

«መሪጌታ፣ ነገሩን ከራስዎ አፍ እንስማው ብለን ነው» አሉ አባ ገድሉ።

«ጥርሴን እየታከምሁ ነው አባቴ። ሌላ ነገር የለም።»

«መልካም። ስንት ጊዜ ሄዱ?»

«ሦስት ጊዜ። አንድ ቀን ይቀረኛል።»

«ተነቀለ?»

«አይነቀልም። ሕመሙ ያለው ከውስጥ ነው። በጥርሱ ስር ውስጥ ክር የምታህል ነርቭ አለች፤ የታመመችው እሷ ናት። እሷን አውጥታ፣ ስሩን አጥባ፣ መልሳ ሞልታ ትዘጋዋለች። ጥርሱ በቦታው ይቀራል።»

እትዬ ሰገነት ሳቀች። «እኔም ጥርስ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ገባሁ፣ ነቀሉልኝ፣ ደሜን እየተፋሁ ወጣሁ። በአንድ ቀን አለቀ። ሦስት ጊዜ ተሂዶ ያልተነቀለ ጥርስ ምን ዓይነት ጥርስ ነው?»

ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የእነሱም ጥርስ እንደዚያው ነበር የተነቀለ።

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱልን» አለ አንደኛው።

አባቴ አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያዳምጠው ሰው፣ ገበያ እንደቀረበ በቅሎ በገዛ ቤቱ፣ በሚስቱ ፊት አፉን ከፍቶ ተመረመረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጥርሱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ይኸው ደኅና ነው። ያምዎታል?»

«አሁንስ አያመኝም።»

«መቼ ተወዎት?»

«በመጀመሪያው ቀን።»

አባ ገድሉ መስቀላቸውን በመዳፋቸው እያገላበጡ ቀስ ብለው ጠየቁት። «ሕመሙ በመጀመሪያው ቀን ከተወዎት፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ምን ፍለጋ ሄዱ?»

ጥያቄው ብልህ ይመስላል፤ አባ ገድሉም ብልህ ሰው ናቸው ይባል ነበር። መልሱን የምታውቅ ሐኪም ግን ከዚያ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከአባቴ ሌላ ካሉት አምስት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ተነሥቶ፣ ሃያ ደቂቃ ተራምዶ፣ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቃት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልሄዱም። እሷን ከመጠየቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጥራት ቀለላቸው።

«ኪዲ፣ እስቲ ነይ» አለችኝ እትዬ ሰገነት።

መጥቼ መካከል ቆምሁ። አባቴ ሲያየኝ ደነገጠ፤ መከተሌን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

«የኔ ልጅ፣ አትፍሪ። እውነቱን ብቻ ተናገሪ» አሉኝ አባ ገድሉ። «ሴትዮዋን አየሻት?»

«አዎ አባ።»

«ምን ታደርግ ነበር?»

«ፊቱ ላይ ጎንበስ ብላ ጉንጩን ይዛው ነበር።»

«አባትሽስ?»

«ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቶ ነበር።»

«ይጮህ ነበር? አመመኝ ይል ነበር?»

«አይ። ሲጨርሱ ሳቀ። ሬዲዮ ነበር፤ ዘፈን።»

«ጉጠት አየሽ?»

«አላየሁም።»

እናቴ ከነጠላዋ ሥር የታፈነ ድምፅ አወጣች። እኔ ግን ኮርቼ ነበር። የሚመለስ ጥያቄ ሁሉ መልሻለሁ፤ አንድም አልዋሸሁም። አባ ገድሉ ወደ አባቴ ዞሩ። «ልጅቱ የምትለው ሐሰት ነው?»

አባቴ እኔን አየኝ። ከዚያ «ልጄ ያየችውን ነው የተናገረች። አልዋሸችም» አለ።

ይህን ነው እንደ ኑዛዜ የቆጠሩት! ልጅ ናት፣ አልገባትም፣ ታወላግዳለች ማለት ይችል ነበር። ውሸታም ናት ቢል ደግሞ ሁሉም ያምኑት ነበር፤ ከልጅ ቃል የመሪጌታ ቃል ይበልጣልና። እሱ ግን በእኔ ላይ ያን ቃል ማውጣት አልፈለገም። እኔ ደግሞ ይህን እንደ ሽንፈቱ አየሁት።

ፍርዱ ሳይውል ሳያድር ተሰጠ። ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳይረግጥ በመስቀሉ አስማሉት። አርባ ቀን እንዲሰግድ፣ የዚያን ዓመት ንግሥ ማሕሌት ሌላ ሰው እንዲመራ ተወሰነ። እናቴ ተነሥታ የአባ ገድሉን መስቀል ተሳለመችና «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያቸዋለሁ» አለች። ሁሉም እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ቀረበና ምሳ በሉ። እትዬ ሰገነት ሦስት ከረሜላ ሰጠችኝ፤ ሦስቱንም በላሁ።

የቀረው አንድ ቀን ነበር። አንድ ቀን! ሐኪሟ ጥርሱን ለጊዜው ብቻ ነበር የደፈነችው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ድፍኑ ወልቆ ከውስጥ መገለ፤ አባቴ ፊቱ እስከ ዓይኑ አብጦ በሙቀት ሲቃጠል ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ጥርሱን ከጎኑ ካለው ጥርስ ጋር ነቀሉት። በጉጠት፣ በጩኸት፣ በአንድ ቀን። እትዬ ሰገነት «አሁን ነው ሕክምና ማለት» አለች። ድምፁ በክፍተቱ ማፏጨት ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት መሪነቱን ለሌላ ሰጡት። አለቃ ፍሬ ስብሐት ዐርፈው ስለነበር የጧፉ ቦታ ክፍት ነበር።

እናቴ ይቅር ማለቷን አንድም ቀን አልረሳችም። አባቴ በአንድ ነገር ካልተስማማት «ያንንም ያለፍሁ ሴት ነኝ» ትለዋለች፤ እሱም ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። እኔም ከእናቴ ተማርሁት። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ አምሽቼ ስለመጣሁ ሊመክረኝ ሲል «እርስዎ ነዎት ደግሞ እኔን የሚመክሩኝ?» አልሁት። ያንንም ዝም ብሎ ሰማ። የልጅነቱን ልርሳው ብል እንኳ፣ ያቺን ቃል የተናገርሁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አልነበረም።

ባለፈው ወር የራሴ መንጋጋ ጥርስ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ውሃ፣ አየር፣ ምላሴ ሲነካው ሳይቀር ነፍሴ ትወጣለች። ዶክተር ርሆቦት የምትባል ወጣት ሐኪም ጋ ሄድሁና «ንቀይልኝ» አልኋት።

«ለምን እነቅለዋለሁ? ይድናል እኮ» አለችኝ። ራጅ አነሣችና አሳየችኝ። «ቀዳዳው ነርቩ ድረስ ገብቷል። የሚያምሽ ነርቩ ነው። እሱን አውጥቼ ስሩን አጸዳዋለሁ፣ ከዚያ እሞላዋለሁ።»

የሆነ ቦታ የሰማሁት ነገር መሰለኝ፤ የት እንደሆነ ግን አልመጣልኝም። ማደንዘዣ ወጋችኝ፤ ጎንበስ ብላ በግራ እጇ ጉንጬን ያዘች። ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ምንም አያምም ነበር። ስትጨርስ ምላሴ ላይ ቅርንፉድ ቅርንፉድ አለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ከጎኔ ባለው ሳህን ላይ አናታቸው ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ የሆኑ መርፌዎች ተደርድረዋል።

«ሕመሙ ከዛሬ ጀምሮ ይተውሻል» አለችኝ ጓንቷን እያወለቀች። «ግን ድኛለሁ ብለሽ እንዳትቀሪ። ገና ሦስት ጊዜ ትመጫለሽ። ብዙ ሰው ሕመሙ ሲተወው ይቀርና ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ አብጦ ይመጣል። ያኔ ከመንቀል በቀር የማደርግለት የለኝም።»

እንዴት ከወንበሩ እንደተነሣሁ አላውቅም። መንገድ ላይ ብቻዬን እየተሳደብሁ ስሄድ ሰው ዞር ዞር እያለ ያየኛል። የምጮህበት ሰው ፈለግሁ። እትዬ ሰገነት ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው፤ አባ ገድሉም ዐርፈዋል፤ ሽማግሌዎቹም የሉም። ሁሉም ብፁዓን ሆነው፣ ተዝካራቸው ተበልቶ፣ ትክክል እንደነበሩ አምነው ነው የሞቱ። ባጃጅ ይዤ ወደ ወላጆቼ ቤት በረርሁ።

አባቴ ከጓሮው፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዳርቻውን እምቦጭ ወርሶት ውሃው አይታይም። እናቴ ከጓሮው ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች።

«አባባ፣ ያኔ ጥርስዎን ነበር የታከሙት!» አልሁ። ግማሽ አፌ ስለደነዘዘ ቃሉ ተንሻፎ ወጣ።

ዘወር ብሎ አየኝ። «አዎ» አለ።

«እውነትዎን ነበር! ነርቩን አውጥታ፣ አንድ ቀን ቀርቷት ነበር! ዛሬ እኔም ተደርጎልኛል፣ አየሁት!»

«እሰይ፣ እንኳን ተሻለሽ።»

«እንኳን ተሻለሽ አይበሉኝ!» ጮህሁ። «እሑድ በሰንበቴው ፊት እቆማለሁ። የሞቱትንም በስማቸው እየጠራሁ እናገራለሁ። ሳይሰሙዎት የፈረዱብዎትን ሁሉ አዋርዳለሁ! እናቴም ትስማ!»

«ሰምተውኛል» አለ አባቴ።

«ምን?»

«ሰምተውኛል። ነርቭ አለች አልኋቸው፤ አወጣጧን፣ አሞላሏን፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። እናትሽም ነበረች። አንቺም ጓዳ ሆነሽ ሰምተሻል።»

«እኔ ልጅ ነበርሁ! ዘጠኝ ዓመቴ ነበር አባባ!»

አባቴ ከአግዳሚው ተነሣ። በሕይወቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም ከፍ አላደረገም። ፊቱ ላይ ግን ያየሁት ቁጣ ነው፤ በእርግጥ በእኔ ላይ የመጣ ቁጣ።

«ያን ቀንማ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን አልተቀየምሁሽም። ከዚያ ወዲህ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ነበረሽ።»

ጋቢውን ሰብስቦ በእኔና በእናቴ መካከል አልፎ ወደ ቤት ገባ። እናቴ ምስሩን መልቀም ትታ ነበር። ለእሷም መናገሩ እንደሆነ ገብቷታል፤ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ ያን ሁሉ ቁጣ ተሸክሜ መጥቼ፣ ከራሴ በቀር የማራግፍበት ሰው አጥቼ ቆምሁ።